አሥራ አራተኛው ኤክስ

የሞተው ሰው በግራ እጁ ስልኩን እንደያዘ የሥዕል ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ማጅራቱን የመታው ብረት እግሩ ሥር ወድቋል። ጡብ የሚያህል ብረት ነው፤ ቀለም የነካው ወረቀት እንዳይጨማደድ የሚጫኑበት። በጨርቅ ተጠርጓል፣ አሻራ የለበትም። ከሰውዬው ራስ አንድ ስንዝር ርቆ ሥዕል ያለበት ትልቅ ወረቀት ተዘርግቷል፤ የደም ጠብታ እንኳ አልነካውም። ይህን ወረቀት ልብ በሉልኝ። እኔ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም፤ ዓይኔ ብረቱ ላይ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ መረመረና «ትናንት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተው» አለን።

«ኢንስፔክተር፣ ሰውዬውን አላወቁትም?» አለችኝ ሳጅኗ። ድምጿ ተለውጧል።

«የት ላውቀው?»

«ጋሼ ነው እኮ። ‘የንጋት ዘቦች’ መጽሔትን የሚሥለው።»

ግድግዳውን አሳየችኝ። ሰባት ጀግኖች ከወለል እስከ ጣሪያ ተሥለዋል፤ ካባ የለበሰ፣ ክንፍ ያበቀለ፣ ግንብ የተሸከመ። ከሁሉም ፊት አንዲት ፀጉረ ጨብራራ ትንሽ ልጅ መብረቅ በጣቶቿ ይዛ ቆማለች። ጥርሷ ፍንጭት ነው፣ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ። ስሟ ብልጭታ መሆኑን ሳጅኗ ነገረችኝ። መጽሔቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በየወሩ ሲወጣ አንድም እትም አምልጧት አያውቅም። ሽጉጥ ታጥቃ የሥዕል መጽሔት የምታነብ መርማሪ ብዬ ሳቅሁባት፤ በኋላ ሳቄን ዋጥኩት።

አለቃዬ ኮማንደሩ በሦስት ሰዓት መጡ። አብረዋቸው የመጽሔቱ አሳታሚ አለ፤ አብሮ አደጋቸው ነው።

ስለ አለቃዬ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ከሦስት ዓመት በፊት የድልድዩን ግድያ አሥራ አንድ ወር ለፍቼ አወጣሁት። ሪፖርቱን ስሰጣቸው ሽፋኑን ቀየሩና የራሳቸውን ስም ለጠፉበት። ሜዳሊያው እሳቸው ደረት ላይ ተንጠለጠለ። አዳራሹ ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ያ ጭብጨባ መዳፌን እስከ ዛሬ ይለበልበኛል። ሚስቴ «ቂም ጉበት ይበላል እንጂ ደሞዝ አይጨምርም» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እኔ ግን የሚቀጥለውን ትልቅ መዝገብ በስሜ ልዘጋ፣ እሳቸውንም በአደባባይ ላሳፍር ምዬ ነበር። ይሄው መጣልኝ።

«ማን ነው ያገኘው?» አሉ ኮማንደሩ።

«አድማቂው፣ የሟቹን የእርሳስ ሥዕል በቀለም የሚያደምቀው። ገጹን ሊወስድ ጠዋት መጥቶ።»

አሳታሚው ፈጠን ብሎ ጣልቃ ገባ። «ዓርብ ዕለት ከጋሼ ጋር ተሰዳድበዋል። ጋሼ በኮምፒውተር ሊተካው ነበር።»

«በቃ፣ እሰሩት» አሉ ኮማንደሩ። «ረቡዕ ለጋዜጠኞች መግለጫ እሰጣለሁ። አንተ ሪፖርቱን አዘጋጅልኝ። አንድ ነገር ደግሞ፤ ሟቹ የተከበረ ሰው ነው። ስሙን የሚያጎድፍ ቃል እንዳላይ።»

እንዳላይ ሲሉ ሳቄ መጣ። አለቃዬ በስማቸው የሚወጣ ሪፖርት አያነቡም። ስማቸውን ሽፋኑ ላይ ያዩና መፈረሚያውን ይፈልጋሉ። የሚያነቡት ሌላ ሰው በስሙ የጻፈውን ነው፤ እሱንም በቀይ እስክሪብቶ።

አድማቂው ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ከሲታ፣ ጣቶቹ ረጃጅም ሰው ነው። ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

«ሥራችሁን ለሕፃን እንደምታስረዳ አድርገህ ንገረኝ» አልኩት።

«ጋሼ በእርሳስ ይሥላል። እኔ በእርሳሱ ላይ በቀለም እሄዳለሁ፣ መስመሩን አደምቃለሁ። ከዚያ እታለም ጥቁሩን ትሞላለች። ጥላ፣ ፀጉር፣ ሰማይ፣ ጥቁር የሚሆነው ቦታ ሁሉ ላይ ጋሼ በእርሳስ ትንሽ ኤክስ ያደርጋል። እሷ ኤክስ ያየችበትን ትሞላለች። በቃ ይኸው ነው።»

«ዓርብ ለምን ተጣላችሁ?»

«አሥራ ስምንት ዓመት አገልግዬው ‘ማሽን ይሻለኛል’ ሲለኝ ልሳመው? ‘እጅህ ይድረቅ’ አልኩት። ርግማን ነው፤ ብረት አይደለም።»

«ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«እናቴ ጋ። አልጋ ላይ ናት፤ ሾርባ ሳጠጣት አመሸሁ።»

«ትመሰክርልሃለች?»

«ይጠይቋት። ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ከነገረችዎት ግን ለእኔም ይንገሩኝ።»

ሄጄ ጠየቅሁ። አሮጊቷ እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው «ልጄ እዚህ ነበር፣ የትም አልሄደም» አሉኝ። ቀጥለው እኔን የባላቸው ወንድም አድርገው ስለ አንድ የጠፋ ጃንጥላ ወቀሱኝ። ውሃ የማያነሳ ምስክርነት ነው። ስወጣ «ዛሬ ለምን ቀረ?» አሉኝ። ሾርባውን ጎረቤት እንዲያጠጣቸው ነግሬ ወጣሁ።

የስቱዲዮው ቁልፍ ያለው ሦስት ሰው ጋ ብቻ ነው፤ ሟቹ፣ አድማቂውና እታለም። የመጽሔቱን ታሪክ የሚጽፈው ደራሲ ደግሞ አንኳኩቶ ይገባል። ከእሱ ጀመርኩ።

ደራሲው ሠላሳ ያልሞላው፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ ልጅ ነው። ጋሼን እንደማይወደው ሳልጠይቀው ነገረኝ።

«ታሪኬን ይቆራርጠዋል። በዚህ እትም የእኛ ሰባት ከሌላ አሳታሚ ቡድን ጋር፣ ከ‘ብረት ለበሶች’ ጋር ይገናኛሉ። ሁለት ቡድን ሲገናኝ መንገዱ ያው ነው። መጀመሪያ ባለመግባባት ይደባደባሉ፣ ከዚያ ይታረቃሉ፣ ከዚያ አንድ ላይ ሆነው ሌላውን ይመታሉ።»

«እንደ አማቾች» አልኩት።

«እንደ አማቾች። ውሉ ደግሞ ያስቃል። ቡጢው እኩል መሆን አለበት፤ የእኛው አራት ከመታ የእነሱም አራት ይመታል። ከየቡድኑም አንድ አንድ ይሞታል። እኔ ግንብ ተሸካሚው ይሙት አልኩ። ጋሼ ‘ብልጭታ ትሙት፣ ሰው የሚያለቅሰው ለልጅ ነው’ ብሎ የመጨረሻውን ገጽ ለወጠው። ከእኔና ከእሱ ሌላ ያወቀ የለም።»

«በዚህ ተናደድክ?»

«ምን ያናድደኛል? ኢንስፔክተር፣ በእኛ ሥራ ማንም አይሞትም። በስድስተኛው ወር ልትመለስ ነበር። ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ጋሼም አንብቦታል።»

«ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«መጻሕፍት ቤት፣ ለአንባቢ ስፈርም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት። ስልሳ ሰው ተሰልፎ ነበር።»

«አንዱን ጥራልኝ።»

ሳጅኗ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ኢንስፔክተር፣ እውነቱን ነው። እኔም ሰልፉ ላይ ነበርኩ።»

ሁለታችንም ዞረን አየናት። ደራሲው «ሰማያዊ ሹራብ፣ አስታወስኩሽ» አላት። ተጠርጣሪዬ በገዛ ሳጅኔ እጅ ነጻ ወጣ።

እታለም የምትኖረው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ዕድሜዋ ወደ ስልሳ ይጠጋል፤ የጥፍሮቿ ሥር ጥቁር ነው፣ ታጥቦ የማይለቅ ጥቁር። እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ እታለም አልኳት። ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ ብቻ አለ፤ ፀጉሯን ሹሩባ የሠሯት፣ ከንፈሯን የገጠመች ልጅ።

«ልጄ ናት» አለችኝ፣ ዓይኔን ተከትላ። «በዘጠኝ ዓመቷ ሳንባዋን አሟት ሞተች። አባቷም ዓመት ሳይሞላው ተከተላት።»

«ነፍስ ይማር።»

«ይማር።»

«ጋሼን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከባለቤቴ ጋር በወጣትነታቸው አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ሥራም የሰጠኝ እሱ ነው።»

«ቅዳሜስ የት ዋልሽ?»

«ልብስ ሳጥብ። ቅዳሜ ሥራ የለኝም።»

ሳጅኗ ቀድማ ጎረቤቷን ጠይቃ ነበር፤ ማስታወሻዋ ላይ «ልብስ ታጥብ ነበር፤ ጎረቤት መስክራለች» ብላ ጽፋለች። እጇን ጨብጬ ወጣሁ። ያ ፎቶ ግን አልለቀቀኝም፤ የት እንዳየኋት እየቆፈርኩ ቢሮ ገባሁ።

ሰኞ ከሰዓት የሟቹ ስልክ ተከፈተ። የመጨረሻው መልእክት ቅዳሜ አሥር ሰዓት ከአምስት ላይ ለአሳታሚው የላከው ፎቶ ነው። ያ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ገጽ ነው፤ ጨረስኩ ብሎ ነው የላከለት። ሳጅኗ ፎቶውንና ገጹን ጎን ለጎን አስቀመጠችና በየተራ አየቻቸው።

«ምን አየሽ?»

«ፎቶው ላይ ያለው እርሳስ ብቻ ነው። ገጹ ላይ ጥቁሩ ተሞልቷል።»

ወገቤን ይዤ አጎነበስኩ። እውነቷን ነው። ሐኪሙ፣ እኔ፣ ኮማንደሩ፣ አሳታሚው፣ ሁላችንም ያንን ገጽ አይተነዋል። ያየነው ግን የሚዋጉትን ጀግኖች ነው። ጥቁሩን ያየ የለም፤ ጥቁር ደግሞ ማን ያያል።

ኤክሶቹን ቆጠርን። ፎቶው ላይ አሥራ አራት ናቸው። ገጹ ላይ አሥራ ሦስቱ ተሞልተዋል። ያልተሞላው የመጨረሻው ትልቁ ሳጥን ነው፤ ብልጭታ መሬት ላይ ተኝታለች፣ ኤክሱ መሃል ደረቷ ላይ ነው። ዳር ላይ ሟቹ በእጁ «ሙሉ ጥቁር፤ ትጥፋ» ብሎ ጽፏል።

ገጹን ይዤ አድማቂው ጋ ወረድኩ። «ጋሼ ራሱ ሞልቶት ይሆን?»

«ጋሼ ብሩሽ ከያዘ እኔ ሙሽራ ነኝ» አለ። ከዚያ ገጹን አተኩሮ አየና ፊቱን አኮማተረ። «መስመሩ ሳይገባ ጥቁር? ሱሪ ሳይለብሱ ቀበቶ መታጠቅ ነው ይሄ። ማተሚያ ቤት ካላጣደፈ በቀር ማንም እንዲህ አይሠራም።»

«አንተ አልሞላኸውም?»

«እኔ ብሆን መስመሬን ነበር የምጀምረው። እጄ እንቢ ይለኛል።»

ተመልሼ ስመጣ ሳጅኗ ከቤቷ ሁለት ካርቶን መጽሔት አስመጥታ ወለሉ ላይ ዘርግታዋለች። አጉሊ መነጽር ይዛ በጉልበቷ ተንበርክካለች።

«ኢንስፔክተር፣ የጥቁሩን ጠርዝ ይዩት።»

አየሁት። ጥቁሩ መስመሩ ጋ አይደርስም። ዙሪያውን የፀጉር ያህል ቀጭን ነጭ ክር ተትቶለታል። ገጹ ላይ እንደዚያ ነው። መጽሔቶቹም ላይ እንደዚያ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ስድስት እትም ነው ያገላበጥነው፤ ዓይኔ እንባ እስኪያፈልቅ። ነጭ ክር የሌለው አንድ ብቻ ነው፤ አርባ ሦስተኛው።

እንደገና ወረድኩ። «አርባ ሦስተኛውን እትም ጥቁሩን ማን ሞላው?»

አድማቂው አሰበ። «አርባ ሦስተኛ... እኔ ነኝ። ያን ወር እታለም ሆስፒታል ነበረች።» የጠየቅሁት ለምን እንደሆነ ሲገባው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ሳጅኗ ግን «ጎረቤቷ አይታታለች እኮ» ብላ ተከራከረችኝ። አብረን ሄድን። ጎረቤቷ በሩን ገርበብ አድርጋ አነጋገረችን።

«አዎ፣ ልብሷ ገመድ ላይ ነበር።»

«እሷን አየሻት?»

«ልብሷን ነው ያየሁት። አሥር ሰዓት ላይ ያ ዝናብ ሲመጣ ተጣርቼ፣ ተጣርቼ፣ ዝም ስትለኝ እኔው አነሳሁላት። እስከ ዛሬ እኔ ቤት ነው፤ ምን እንደነካት እንጃ፣ መጥታ እንኳ አልወሰደችውም።»

ሳጅኗ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ልብስ አስመስክራ ነበር የተመለሰችው። አልተቆጣኋትም፤ ማስታወሻዋን ተቀብዬ የፈረምኩበት እኔ ነበርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት እታለምን አስጠራኋት። ክፍሉ የሚያስፈራ አይደለም፤ መስኮት አለው። ጠረጴዛው ላይ የገጹን ፎቶ ኮፒ፣ የቀለም ብልቃጥና ከስቱዲዮ ያመጣሁትን ብሩሿን አስቀምጫለሁ። እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ ነው። አይታ አወቀችው።

«እታለም፣ አሥራ ሦስቱን ሞልተሻል» አልኳት። «አንዷ ቀርታለች። ሙዪልኝ።»

ብሩሹን አነሳች። ነከረችው፣ በብልቃጡ ጠርዝ አንጠፈጠፈችው። ጫፉን ወደ መጨረሻው ሳጥን አወረደችና ወረቀቱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቆመች። እታለም ብሩሹን መልሳ አስቀመጠች።

«አልሞላትም» አለች። «እሱም ‘ሙዪ’ ነው ያለኝ።»

ውሃ ቀዳሁላት። አልጠጣችውም።

«ቅዳሜ ደወለልኝ። ‘ማተሚያ ቤት እያጣደፈኝ ነው፤ መስመሩን አድማቂው ነገ ያስገባዋል፣ አንቺ ጥቁሩን ጀምሪ’ አለኝ። እኔ ታሪኩን አላነብም፤ ኤክሱን ነው የምከተለው። ከላይ ጀምሬ እየሞላሁ ወረድኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ከኤክሱ ሥር ልጄን አየኋት።»

«ልጅሽን?»

«ግድግዳዬ ላይ አይተሃታል። አፏን የገጠመችው ጥርሷ ፍንጭት ስለሆነ፣ ታፍር ነበር። ቅንድቧን የተተለተለችው ከደረጃ ወድቃ ነው። ሆስፒታል ስትተኛ አባቷ አልጋዋ ጎን ተቀምጦ ሣላት። ‘አንቺ አትሞቺም፣ መብረቅ በእጅሽ ነው’ ይላት ነበር። ብቻዋን እንዳትሆን ብሎ ስድስት ጓደኞች ጨመረላት።»

ሰባቱ ጀግኖች ያኔ ነው የገቡኝ።

«እሱም ሲሞት ጋሼ ሊያጽናናኝ መጣ። ‘ደብተሩን ለማስታወሻ ልውሰደው’ አለኝ፣ ሰጠሁት። በሁለተኛው ዓመት መጽሔቱ ወጣ። የጋሼ ስም ብቻ ነው ያለበት። ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ‘ሥራ ልስጥሽ’ አለኝ።»

«ለምን እሺ አልሽው?»

«ፀጉሯን ማን ሊያጠቁርላት ነው?» አለችኝ፣ ሞኝ እንደጠየቃት ሁሉ። «አሥራ ስምንት ዓመት በየወሩ ፀጉሯን የሠራኋት እኔ ነኝ። ጥቁሩ እንዳይውጣት ዙሪያዋን ነጭ እተውላት ነበር። የባሌን ስም ሰረቀ፣ ዋጥኩ። በየወሩ አያታለሁ ብዬ ሁሉንም ዋጥኩ። ቅዳሜ ግን ለመንኩት። ‘ይህችን ተዋት፣ ሌላ ግደል’ አልኩት። ስልኩን እያየ ‘ወረቀት ናት እኮ እታለም። ሙዪ፣ ጊዜ የለንም’ አለኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ብረቱ እጄ አጠገብ ነበር።»

«አድማቂው ታስሮም ዝም አልሽ።»

«እናቱን አስብና ልመጣ እነሳለሁ። ከዚያ ደግሞ አርባ ሦስተኛው ላይ ፀጉሯን እንዴት እንደለቀለቀው ትዝ ይለኝና እቀመጣለሁ።» ቀና ብላ ዓይን ለዓይን አየችኝ። «ይቆጨኛል ብዬ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። አልቆጨኝም። ልጅሽን ሁለቴ ቅበሪ የተባለች እናት ካለች እሷ ትፍረድብኝ።»

በስድስተኛው ወር ልትመለስ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ መጣ። ሰውዬው ይህችን አንዲት ቃል ቀና ብሎ ቢነግራት ኖሮ ዛሬ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይሥል ነበር፤ ለጥቁር ሞይ ማን ታሪክ ይነግራል ብሎ ነው። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ቃሏን ጽፈን ስንጨርስ እስክሪብቶውን ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም።

«መጀመሪያ የባለቤቴን ስም ጻፍ። ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። ሰባቱን የሣለው እሱ መሆኑንም ጻፍ። እኔ እስር ቤት ልግባ፣ ግድ የለኝም። ስሙ ግን በሰው ፊት ይነበብ። ቃል ካልገባህልኝ አልፈርምም።»

ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ቃል ገባሁላት።

ከሰዓት የሟቹን የተቆለፈ መሳቢያ አስከፈትኩ። ደብተሩ እዚያው ነበር። ሰባቱም አሉ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የባለቤቷ ስም፣ «ለልጄ» የሚል ጽሑፍና መጽሔቱ ከመውጣቱ ከሁለት ዓመት በላይ የሚቀድም ቀን። ሰርቆ እንኳ ሊያቃጥለው አልደፈረም።

ሪፖርቱን ራሴ ጻፍኩ፤ ስድስት ገጽ ነው። የደብተሩ ነገር አራተኛው ገጽ ላይ አለ። ከዚያ ሁለት ሽፋን አተምኩ። አንዱ ላይ መርማሪ ተብሎ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ወረቀት ነው፤ አንስቼ አየሁት፣ ያምራል። ግን አለቃዬ የሰው ስም ያለበትን ያነባሉ። ካነበቡ አራተኛው ገጽ ይቀደዳል፣ እታለምም ስሙን ሳትሰማ ትገባለች። እንግዲህ አንዱን መምረጥ ነው። የራሴን ሽፋን ለአራት ቀደድኩና የእሳቸውን አያያዝኩ።

ስድስተኛው ገጽ መፈረሚያው ላይ በእርሳስ ትንሽ ኤክስ አደረግሁ።

ኮማንደሩ ሽፋኑን አይተው ፊታቸው በራ። «ጥቁር ሞይዋ ናት? ታዲያ አድማቂው?»

«እርስዎ ያሰሩት እሷን ለማዘናጋት ነው። እንደዚያ ብዬ ጽፌዋለሁ።»

«እ... አዎ። እንደዚያ ነው» አሉ። «ሟቹን የሚያጎድፍ ነገር የለም?»

«ስለ ሟቹ የጻፍኩት ከራሱ መሳቢያ የወጣውን ብቻ ነው፣ ጌታዬ።»

ገጾቹን በአውራ ጣታቸው ገለበጧቸው። ኤክሱን ሲያዩ እጃቸው ብቻውን ሄደ። አርባ ኮፒ አባዝቼ ጠዋት ለጋዜጠኞቹ በየወንበራቸው ላይ አስቀመጥኩ። አድማቂውንም በዚያው ጠዋት ለቀቅነው፤ ሾርባ ሊሠራ እየሮጠ ወጣ።

ረቡዕ አራት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። አሳታሚው ከፊት ወንበር ጥቁር ለብሶ ተቀምጧል። ኮማንደሩ ሜዳሊያቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። አንደኛው ገጽ ላይ ደረታቸውን ነፉ። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ሞቀ። አራተኛው ላይ «የሰባቱ ጀግኖች ፈጣሪ ሟቹ ሳይሆን...» ብለው ቆሙ። ቀና አሉ። አርባ ሰው ኮፒውን ይዞ በጣቱ መስመሩን እየተከተለ ነው፤ መዝለል አይቻልም። ላባቸው እየወረደ ስሙን አነበቡ፤ የአያቱ ስም ላይ ተንተባተቡ።

ከኋላ አንዲት ጋዜጠኛ እጇን አወጣች። «አልተሰማንም፣ ይድገሙልን።»

ደገሙት። አሳታሚው ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። ኮማንደሩ ከጋዜጠኞቹ ራስ በላይ እኔን ፈልገው አገኙኝ። በሩ ጋ ቆሜ ነበር። አጨበጨብኩላቸው፤ አዳራሹም ተከተለኝ። መዳፌ ያን ቀን ምንም አላቃጠለኝም።

ከዚያ እታለም ጋ ወረድኩ። አልጋው ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች።

«ተነበበ?»

«ተነበበ።»

«ከነአያቱ?»

«ከነአያቱ። ሁለት ጊዜ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ገጹስ?» አለችኝ። «ሌላ ሰው ሞላው?»

«ማንም አይሞላውም። ኤግዚቢት ነው፤ ታሽጎ ተቀምጧል።»

«እስከ መቼ?»

«መዝገቡ እስካለ ድረስ። መዝገብ ደግሞ አይጣልም።»

«እንግዲያው አልሞተችም» አለች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች፤ እኔም በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።